የደምበሉ ጡሩምባ ነፊ እኔ ነኝ፣ ሲሊንደሩም የኔ ሥራ ነው

ያቺን ቪዲዮ አይታችኋል አይደል?

ደምበል ፊት ለፊት፣ አንዱ ዘይት በዘይት የሆነ ልጅ በአንድ እጁ ስኩተር እየገፋ በሌላው ጡሩምባ ሲነፋ። ከሥሯ "የአዲስ አበባ እብዶች አፕዴት አደረጉ" ተብሎ ተጽፎባታል።

እኔ ነኝ።

አዎ፣ እኔ! ኮሜንት ላይ "ጫት አብዝቶ ነው" ያልከው ሰውዬ፣ አልቃምኩም። "ለላይክ የማያረጉት የለም" ያልሽው እህቴ ደግሞ፣ አንቺ ትንሽ ተጠግተሻል። እዛ እንደርሳለን።

ጡሩምባው ግን የቀልድ አልነበረም። የቀብር ነበር።

በቃ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ስድብ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አቆዩት፣ እዛ ጋ የባሰ አለ።

እኔ የሞተር ሜካኒክ ነኝ። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ነው የተፋታነው። ከዛ በኋላ ያወቅኩትን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው፣ ካዛንቺስ የቆርቆሮ ጋራዥ የነበራቸው። ካዛንቺስ ሲፈርስ ጋራዡም አብሮ ሄደ። እሳቸውና ሚስታቸው እትዬ አስካለ ቂርቆስ አንድ ክፍል ቤት ተከራዩ። ጋሼ ግቢው በር ላይ የብረት መያዣ ሞርሳቸውን ተከሉና "እዚህ ነው ጋራዡ" አሉኝ። ጣሪያ የለ፣ ታፔላ የለ። ሞርሳ ብቻ!

ሰፈሩ ሲበተን እድሩም ተበተነ። ማለቴ እድሩ አለ፣ አባላቱ ናቸው የተበተኑት። ቂርቆስ የቀረ አለ፣ ላንቻ የገባ አለ፣ አብዛኛው ወሎ ሰፈር ዙሪያ ነው።

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ነስሩ ናቸው። ድሮ ሰው ሲሞት ሰፈሩን በእግራቸው በሃያ ደቂቃ ይጨርሱት ነበር። አሁን ግማሽ ከተማ መዞር አለባቸው፣ በዛ ጉልበታቸው!

"ቴሌግራም የለም እንዴ?" እንዳትሉኝ።

ነበረ! ግሩፕ ተከፍቶ ነበር። አንድ ቀን አንዱ የሟቹን ስም ተሳስቶ ጻፈ። ሴቶቹ ደረት እየመቱ ሄደው በር ሲያንኳኩ ሟቹ ራሳቸው ፍርፍር እየጎረሱ ከፈቱላቸው። ከዛ ቀን ወዲህ የእድሩ ዳኛ ቆርጠው ተናገሩ፦ "መርዶ በቴሌግራም አይነገርም። ጡሩምባ ካልሰማችሁ ማንም አልሞተም!"

ሕግ ሆነ። ጡሩምባ ሰምቶ ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ያልሰማ አይቀጣም።

ለዚህ ነው ጋሽ ወልዴ የራሳቸውን ስኩተር ለእድሩ የሰጡት። ያቺን ቱ ስትሮኳን፣ ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የምትጠጣዋን፣ በእድሜ የኔ ታላቅ የሆነችዋን። እኔ እነዳለሁ፣ ጋሽ ነስሩ ከኋላ ተቀምጠው ይነፋሉ። ጀለሶቼ "የሞት ዴሊቨሪ" ነው የሚሉን።

ችግሩ ስኩተሯ ራሷ ልትሞት ደርሳ ነበር። ዳገት ላይ ጋሽ ነስሩ ይወርዱና በእግራቸው ይቀድሙኛል። ቀድመውኝ ጫፍ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል! ደግሞ እየሳቁ!

ጋሽ ወልዴ ያኔ አልጋ ይዘዋል። አልጋቸው መስኮቱ ሥር ነው፣ መስኮቱ ሞርሳው ላይ ነው የሚከፈተው። ተኝተው እያንዳንዷን ብሎን ስፈታ ይሰሙኛል። ካሜራ በሉት፣ ያውም ድምፅ ብቻ የሚቀዳ።

"ሲሊንደሩ አልቋል" አሉኝ። "ቶርኖ ቤት ወስደህ በዚህ ፒስተን ልክ አስሰፋው። ይሄ የመጨረሻው ፒስተን ነው። ከዚህ በላይ የሚሰፋ ግድግዳ የለውም። ገባህ?"

"ገባኝ ጋሼ።"

"የጭስ መውጫውን ቀዳዳ ከነካካህ ጠርዙን በሊማ አለስልሰው። ጥፍርህን ከያዘህ ፋሻውንም ይይዘዋል።" ፋሻ ማለት ፒስተኑ ላይ የሚገባው ቀለበት ነው፣ ለማታውቁ።

"ገባኝ።"

"ከዛ እጠበው።"

"በቤንዚን?"

"ቤንዚን ቆሻሻውን ያስተኛዋል እንጂ አያወጣውም። በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በብሩሽ፣ እንደ አራስ ልጅ። ቶርኖ ቤት ሲሞርዱት የመሞረጃው ድንጋይ ብናኝ ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። በዓይን አታየውም። ስታጥበው ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክተህ ትጠርገዋለህ። ጨርቁ ግራጫ ከሆነ እንደገና። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ።"

እኔ በሆዴ "የሼባ ጣጣ" አልኩ። እውነቴን ነው። ከተማው ሙሉ በቤንዚን እየጠረገ ይገጥማል፣ እሳቸው ሲሊንደር ክርስትና ያነሳሉ!

እንግዲህ አሁን ስለ ራሴ ጥሩ ነገር ልናገር፣ ከዚህ በኋላ ስለማይኖር።

ሥራው አሪፍ ነበር! ቶርኖ ቤት ቆሜ አሰፋሁት፣ ልኩን ራሴ ለካሁት። የጭስ መውጫውን ቀዳዳ በጥቂቱ ወደ ላይ አሳደግኩት፣ ጠርዙን በሊማ፣ ከዛ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ጥፍሬን ሃምሳ ጊዜ አሳለፍኩበት፣ አይዝም። ቤንዚኑ ከታች የሚመጣበትን መንገድ ከሲሊንደሩ ቀዳዳ ጋር አገጣጠምኩት፣ እርከን እንዳይኖረው። ሁለት ቀን ሙሉ! ሁሉንም ላይቭ ገብቼ። "ፖርቲንግ ይባላል ጓዶች" እያልኩ፣ ልክ ዩኒቨርሲቲ እንደማስተምር።

ማጠቡ ላይ ስደርስ ውሃ የለም።

አራት ቀን ሆኖታል ከጠፋ። ግቢው ውስጥ ያለችው አንድ ጀሪካን የእትዬ አስካለ ናት፣ ጋሼ መድኃኒት የሚውጡባት። እሷን ልውሰድ? የታመመ ሰው ውሃ ወስጄ ብረት ልጠብ?

ጥሩ ሰበብ ነው አይደል? እኔም ጥሩ ሰበብ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ መጣ። እኔ ግን ማታውኑ ገጥሜ ጨርሻለሁ። ለምን? "ዛሬ ትነሳለች" ብዬ ለፎሎወሮቼ ቃል ገብቼ ነበራ! መቶ ምናምን ሰው ይጠብቀኛል! ጋሼ ግን አንድ ሰው ናቸው።

በቤንዚን ጠረግኩት። ጨርቁን ካሜራ ፊት ዘርግቼ "ይኸው! ምንም የለውም!" አልኩ።

ጨርቁ ጥቁር ነበር።

ከአሮጌ ቲሸርቴ የቀደድኩት። ጥቁር! ከሰል ብትጠርግበትም ምንም አይታይበትም! አንዱ ተመልካች "ወንድም ጨርቁ ጥቁር ነው እኮ" ብሎ ጻፈልኝ።

ብሎክ አረግኩት።

ወንድሜ፣ ይሄን የምታነብ ከሆነ ይቅርታ። ኧረ አታነብም፣ ብሎክ ነህ።

ልገጥም ስል የጋሼ ድምፅ በመስኮቱ መጣ።

"አጠብከው?"

"አጠብኩት ጋሼ!"

"በምን?"

"በሙቅ ውሃ!"

"ጨርቁስ?"

"ነጭ፣ እንደ በረዶ!"

ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት ውሸት። ትምህርት ቤት እንዲህ ፈጥኜ መልሼ ቢሆን ዶክተር ነበርኩ።

ስኩተሯ በመጀመሪያው ምት ተነሳች። ሐሙስ ነው ይሄ። አንድ ዙር ነዳኋት። በረረች! ያቺ አሮጊት ዳገቱን ሦስተኛ ማርሽ ይዛ ወጣችው! ተመልሼ ጋሼ መስኮት ሥር ቆምኩና አስጮህኳት። ቡምምም! ደጋግሜ! "ስሙኝ" ማለቴ ነው። "ጎበዝ" እንዲሉኝ።



ትንሽ ቆይተው እትዬ አስካለ በር ላይ ወጡ። አፋቸውን ከፈት አርገው የሆነ ነገር ሊሉኝ ሲሉ ውስጥ ጋሼ ሳሉ። ክፉ ሳል ነበር። እትዬ ተመልሰው ገቡ። እኔም ስለ ድምፁ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ሞተሩን አጥፍቼ ላሽ አልኩ።

ትናንት ጠዋት ጋሽ ወልዴ አረፉ።

ቀልድ የለም እዚህ ጋ። እለፉት።

ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ተባለ። የእድሩ ዳኛ ትናንት ማታ ደውለው "በራሱ ሞተር ነው የሚለፈፍለት። ሰው ሳይሰማ እንዳይቀር፣ አደራ!" አሉኝ። እኔም ኮራሁ። አያችሁ፣ ኮራሁ! በኔ ሥራ፣ በሳቸው ሞተር፣ የሳቸው ሞት ሊነገር።

ዛሬ ከነጋ ጀመርን። ጋሽ ነስሩ ከኋላዬ ተቀምጠው ቂርቆስን አዳረስን። ይነፋሉ፣ ከዛ "ጋሽ ወልዴ አርፈዋል! ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው!" ይላሉ። ድምፃቸው ሁለቴ ተቆረጠ፣ ጓደኛቸው እኮ ናቸው። የቀረን ወሎ ሰፈርና ላንቻ ነበር። ብዙ ሰው ያለው እዛ ነው።

መንገዱ ላይ ስንወጣ ጋዙን ከፈትኩት። ሞተሩ ገና መታደሱ ነው፣ በቀስታ መለማመድ አለበት፣ ይሄን አውቃለሁ። ግን ዛሬ ላይ ቀስታ ማን አለው?

ደምበል ጋ ስንደርስ የሆነ ድምፅ መጣ። ቢላዋ ሰሃን ሲፍቅ ታውቃላችሁ? እንደዛ። ከዛ ዝም። የኋላ ጎማው ቀጥ አለ፣ ተንሸራተትን፣ አስፋልት ላይ ነን።

ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ቀርቷል። ያ በዓይን የማይታይ ብናኝ ጠዋቱን ሙሉ ከውስጥ ሲሞርዳት ነበር። እኔ ሁለት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለስኩትን እሱ በአንድ ጠዋት ሸረከተው።

የጋሽ ነስሩ ጉልበት አበጠ። የጡሩምባው አፍ ጎበጠ።

"ምን አረግካት?" አሉኝ።

"ቤንዚኑ ነው ጋሼ! የዘንድሮ ቤንዚን እኮ..."

አራተኛ ውሸት። ቁጠሩልኝ።

በታክሲ ላሳፍራቸው ስል ጡሩምባውን እጄ ላይ አስቀመጡት። "ንፋ።"

"ኧረ ጋሽ ነስሩ፣ እኔ አልችልም!"

"ሞተርስ ትችል ነበር?"

የታክሲው በር ተዘጋ። ማርሹን ነጻ አርጌ በአንድ እጄ እየገፋኋት ጡሩምባውን አፌ ላይ ደገንኩ።

የመጀመሪያው ትንፋሼ ምራቅ ብቻ ነው የወጣው። ሁለተኛው ሳል የያዘው አህያ። ሰው ተሰበሰበ፣ ስልክ ወጣ፣ እናንተ ያያችኋት ቪዲዮ ያቺ ናት። ቁምጣ የለበሰ አንዱ ጎረምሳ "ብሮ የየትኛው ክለብ ደጋፊ ነህ?" አለኝ።

"ሰው ሞቶብኝ ነው!"

"ማን?"

"ጋሽ ወልዴ!"

"በስንት ለስንት?"

ሳቁ። ሁሉም! ልመታው ነበር፣ በአንድ እጄ ሞተር በአንድ እጄ ጡሩምባ ሆኖ በምን ልምታው?

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ሚኒባስ ነበር። ስኩተሯን ከሆነ ሱቅ በር አስደግፌ፣ ጡሩምባውን ይዤ ተሳፍሬ ብሄድ ወሎ ሰፈርንም ላንቻንም በሰዓቱ አዳርስ ነበር። አልሄድኩም። ቀን ሙሉ የገፋኋት ለምን መሰላችሁ? "የጋሼ ንብረት ነው" ብዬ?

ሌላ ሜካኒክ ከፍቶ እንዳያያት ነው።

ወሎ ሰፈር ስደርስ ሸሚዜ ይጨመቃል። ከሞተሯ የሚረግፍ ዕቃ ስለቅምና ስቆም፣ ስነፋና ስገፋ ረፋዱ አልፏል። የመጀመሪያው ግቢ በር ላይ ነፋሁ። አንዲት ሴትዮ ብቅ አሉ፣ ስኩተሯን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ቆራሌው! የተቀደደ ባልዲ አለ፣ ትወስዳለህ?"

"እትዬ፣ ቆራሌው አይደለሁም! ጋሽ ወልዴ አርፈዋል!"

"ታዲያ ባልዲውን አትወስድም?" አባል አልነበሩም፣ ለካ በር ተሳስቻለሁ።

ሁለተኛው ቤት አንድ አባት ወጡ፣ የእድሩ ነባር። እሳቸውን አውቃቸዋለሁ። እሳቸው ግን አያውቁኝም።

"ነስሩ የት አለ?"

"ጉልበታቸውን ተጎድተው..."

"እኔ የማውቀው የነስሩን ጡሩምባ ነው። ይሄ ጡሩምባ አይደለም። ባለፈው በቴሌግራም አስለቀሳችሁን፣ አሁን ደግሞ በዚህ መጣችሁ? ሂድ ከዚህ!"

"እውነቴን ነው አባ! በማርያም!"

በሩ ተዘጋ። እውነት በተናገርኩበት በብቸኛው ሰዓት የሚያምነኝ ጠፋ። የሚገርም አገር! ማለቴ የምገርም ሰው።

አምስት ቤት ሳልሞላ ስምንት ሰዓት ሆነ። ላንቻን ጨርሶ አላየሁትም። እዛ ላሉት አባላት ስልክ ደወልኩላቸው። ያነሱትም "እስቲ ጡሩምባውን እንስማ" አሉኝ። በስልክ ነፋሁላቸው! መንገድ ላይ ቆሜ፣ በስልክ! አንደኛው "ኔትወርክ አስቸገረኝ" ብሎ ዘጋው።

ዘጠኝ ሰዓት።

ከቂርቆስ የመጣነው ወንዶች ተቆጠርን፣ አሥራ አንድ። ያ ሁሉ ካዛንቺስ፣ ያ ሁሉ ሞተር የሠሩለት ሰው፣ አሥራ አንድ! የእድሩ ወንበር ተደርድሮ ባዶውን ቁጭ ብሏል። ሳጥኑን ለመሸከም ተቀያሪ ጠፋ። እኔ ከፊት ያዝኩ። ክንዴ ሞተር ሲገፋ የዋለ ነው፣ ዛለ፣ ሳጥኑ ወደኔ አዘነበለ።

ዳኛው ከኋላ "አጥብቀህ ያዝ! እሱንም ልትጥለው ነው?" አሉኝ።

ከዛ ቆመው አስታወቁ፦ "ጡሩምባ ስላልደረሰ የቀረ አባል አይቀጣም።" ሕጉ ሕግ ነው። ማንም ጥፋተኛ የለም። እንዴት ደስ ይላል አይደል?

ከቀብር ስንመለስ እትዬ አስካለ ጠሩኝ። ጥቁር ለብሰዋል። እንደ ጨርቄ ጥቁር፣ ምንም የማይታይበት። እጄን ያዙኝ፣ ከነዘይቱ።

"ልጄ፣ ይቅር በለኝ" አሉኝ።

እኔን! ይቅርታ!

"እንዴ እትዬ፣ ምን አርገውኝ?"

"ሐሙስ ሞተሯን ስታስጮህ ሰምቶህ ነበር እኮ። ደስ አለው። 'ፈጥናለች፣ እጁ ገብቷል' አለኝ። ከዛ ዝም ብሎ አዳመጠ፣ አዳመጠና 'ግን አላጠበውም' አለ። 'አሸዋ ይሰማኛል። ሂጂና ሳይነዳት ይፍታት በይው። እንዳትቆጪው ግን፣ ውሃ ስላልነበረ ነው' አለኝ። ልነግርህ ወጣሁ፣ ሳለብኝ፣ ተመለስኩ። ከዛ እሱን ሳስታምም ረሳሁት። ነግሬህ ቢሆን ሞተሯ አትቆምም ነበር። ሰው ሁሉ ይመጣለት ነበር። በኔ ነው ባሌ ያለ ሰው የተቀበረው።"

አለቀሱ። ቀኑን ሙሉ ያላለቀሱት ሴትዮ እዛ ጋ አለቀሱ።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ውሃ በማግስቱ መጥቶ ነበር" ማለት ነበረብኝ። "ሦስት ጊዜ ዋሽቻቸዋለሁ" ማለት። "ጨርቁ ጥቁር ነበር" ማለት።

"ችግር የለም እትዬ" አልኳቸው። "ያጋጥማል።"

ያጋጥማል!!

ይቅርታቸውን ተቀብዬ ወጣሁ። ልክ እንደበደሉኝ። ይቅር ባይ መስዬ።

አሁን ሞርሳው ጋ ቁጭ ብያለሁ። ሲሊንደሩን አወጣሁት። ከላይ እስከ ታች ተሸርክቷል፣ ጣቴ ይገባበታል። የማይሰፋ ነው፣ ሌላ ፒስተን የለም፣ አለቀ። የጋሼን ዕቃ ሳጥን ከፍቼ ነጭ ጨርቃቸውን አገኘሁ፣ ታጥቦ፣ ታጥፎ። ያልተሸረከተውን ጥግ ዘይት ነክቼ ጠረግኩበት።

ግራጫ።

መስኮቱ ተዘግቷል። "ጨርቁስ?" የሚል የለም።

እትዬ አስካለ እዚሁ ግድግዳው ማዶ ናቸው፣ ሲንሰቀሰቁ ይሰማኛል። አሥር እርምጃ አይሞላም። ነገ ጠዋት ደግሞ የኛ የውሃ ፈረቃ ነው።

እስቲ ንገሩኝ፦ መጀመሪያ ይሄን የሞተ ሲሊንደር ልጠብ ወይስ ገብቼ ልናገር?

መልሱን አውቀዋለሁ፣ አትድከሙ። እሳቸው አሥር እርምጃ ላይ ሆነው ለናንተ ቀድሜ የነገርኩ ሰው፣ ከእናንተ ምክር ምን እፈልጋለሁ ግን?